«መቼ ነው?» ለሚሉህ

ልጄ፣ ሥነ ምድር ተምረህ ከተመረቅህ ወዲህ ለቅሶ ቤት መቀመጥ እንዳስጠላህ ነግረኸኛል። ገና ወንበር ሳትይዝ አንዱ «መቼ ነው የምንሰነጠቀው?» ይልሃል። «ቀኑን ማንም አያውቅም» ስትለው «ታዲያ ምን ተማርክ?» ብሎ ዘመድ ፊት ያሳፍርሃል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ አፍሪካ ለሁለት ስትከፈል የሚያሳይ ሥዕል ያቀብልሃል። ሦስተኛው ከጥግ ሆኖ «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው» ይላል። ከሦስቱም ጋር ስትሟገት ድንኳኑ ይነሣል።

ምክር ፈልገህ ስለደወልክ እመክርሃለሁ። እኔ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያንተን ያህል አልተማርኩም፤ ሰው ሲከራከር ግን ካንተ ይበልጥ ሰምቻለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከገዛ ከተማችን ልጀምርልህ።

አዲስ ዓለም ሳይፈጸም የቀረ ትንበያ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ዐሥራ አራት ዓመት ያህል እንደሆናት፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ቆርጠው ነበር። ምክንያቱ እንጨት ነው። የአካባቢው ጥድ ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ተመናመነ፤ ማገዶ የሚመጣበት መንገድም ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታትም እንጨት ሲያልቅ ድንኳናቸውን ነቅለው መሄድ ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ይህ ቦታ ተመረጠ፤ ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ መንገድ ተጠረገ፣ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ባሕር ዛፍ በቀለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ የሚደርስ ዛፍ ሲገኝ፣ በዚያ ላይ የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተው ስለነበር፣ ነቅሎ መሄዱ ትርጉም አጣ። ሐሳቡ ተለወጠ። ለንጉሥ የተጀመረው ቤትም ለማርያም ተሰጠ፤ ዛሬ የምንሳለማት ደብረ ጽዮን ማርያም ናት።

እንግዲህ ልብ በል። የንጉሡ ሰዎች እንጨቱ እያለቀ መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል፤ ይህ ሐቅ ነበር። «ተመልሶ አይደርስልንም» ያሉት ግን ግምት ነው። የሚያውቁት ዛፍ ጥድና ወይራ ነበር፤ ጥድን ደግሞ የተከለው ሰው አይሞቀውም። ግምቱ ሲፈርስ ያዩት ነገር አብሮ አልፈረሰም። በባሕር ዛፉ ምክንያት «የእንጦጦ ጥድ አላለቀም ነበር» ብሎ የተነሣ ሰውም የለም። እኔ ሳስተምር ልጆቹን የማደክማቸው በዚህች ነገር ነበር፤ የሚነገራችሁን ስትሰሙ ሰውዬው የቱን ለካው፣ የቱን ከልኬቱ ተነሥቶ አሰላው፣ የቱን ደግሞ ስለፈራው ወይም ስለተመኘው ብቻ ተናገረው ብላችሁ ለዩ። አንተም ስትጠየቅ ሦስቱን ለያይተህ ተናገር። «አውቃለሁ» ካልክ ቀኑን ይጠይቁሃል፤ «አላውቅም» ካልክ ሁሉንም ይጥሉብሃል። ሁለቱም መልስ ያስቀጣሃል።

የተለካውን አስቀድም፤ ደግሞ በሚያውቁት ጀምርላቸው። አዋሽን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ይነሣል፤ ወርዶ ቆቃን፣ መተሐራን፣ ዱብቲንና አሳይታን አልፎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ ለምን ይቀራል ብለህ ጠይቃቸው። መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ መሬቱ ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ ወንዙ የሰመጠውን ተከትሎ ገብቶ መውጫ አጣ። መሬቱ የሰመጠው ደግሞ ሦስት የምድር ንጣፎች፣ እናንተ ፕሌት የምትሏቸው፣ አፋር ላይ ስለሚለያዩ ነው። ዐረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ የሶማሌ ንጣፍ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ እኛ የተቀመጥንበት የኑቢያ ንጣፍ በስተ ምዕራብ ይቀራል። አዋሽ ከእኛ ንጣፍ ላይ ተነሥቶ የሚሞተው በስንጥቁ ውስጥ ነው።

ፍጥነቱን ሲጠይቁህም አትሸሽ። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መለያየቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ዓለት ላይ ከተተከሉ የጂፒኤስ መሣሪያዎች አግኝተውታል። አዲስ ዓለም ከተቆረቆረች ወዲህ ያለው ሁሉ ቢደመር ከአንድ ክንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ለሚለው ተረት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ግን እዚህ ላይ አታቁም፤ አምስቱ ሚሊ ሜትር አማካይ ነውና። በአማካይ ሰምጦ የሚሞት ሰው የለም፤ ሰው የሚሞተው ውሃው ጥልቅ በሆነበት ነው። ምድርም እንደ ተወጠረ ጠፍር ብዙ ዘመን ታግሣ ትቆይና ባንድ ቀን ትለቃለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ ዙሪያ የሆነው ይኸው ነው። ምድሪቱ ያለ ማቋረጥ ተንቀጠቀጠች፤ መስከረም 16 ቀን፣ እኛ እዚህ ደመራ ስንደምር፣ ዳዑሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተቀዶ አመድ ተፋ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ነድተው ሸሹ። በኋላ ተመራማሪዎች ከሳተላይት የተነሡ የራዳር ሥዕሎችን ፊትና ኋላ ቢያስተያዩ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር እንደከፈተው አዩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ፣ ከውጭም እነ ቲም ራይትና ሲንዲ ኤቢንገር አጥንተውታል። ስምንት ሜትር! በዚያ በኩል መለያየቱ ከእኛው ሸለቆ ይፈጥናል፤ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ብንለው እንኳ የ400 ዓመት ጉዞ በጥቂት ሳምንት አለቀ ማለት ነው። ለአፋር ሰው «ምድርህ እየተከፈለች ነው» ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እሱ ከእኔም ከአንተም በፊት ያውቀዋል።

ያኔ የዓለም ጋዜጦች «አዲስ ውቅያኖስ እየተወለደ ነው» ብለው ጻፉ። እዚህም አንዳንድ ቀልደኛ «እንግዲያው ወደቡ በራሱ እግር ይመጣልናል» አለ። ቀልዱን ወድጄዋለሁ። የውቅያኖሱ ስሌት ግን በሚሊዮን ዓመት ነው፤ ደግሞም ከለካነው ተነሥተን ያሰብነው እንጂ ቆመን ያየነው አይደለም። እንዲህ ያለው ስምጥ ሸለቆ አንዳንዴ ጀምሮ ይተወዋል፤ በዓለም ላይ ውቅያኖስ ሳይሆኑ የቀሩ ጥንታዊ ስምጦች ሞልተዋል። ባሕር ወደዚያ ዝቅታ ከአሁን በፊት ገብቶ እንደነበር ግን ማስረጃ አለ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አካባቢው ላይ የባሕር ዛጎልና የኮራል አጽም ይለቀማል፤ አያቶቻችን ገበያ የወጡበት አሞሌም ባሕሩ ደርቆ የተወው ነው። ይህን ለሽማግሌ ስትነግረው ተረት አይመስለውም፤ አሞሌን በእጁ ይዞታል።

አንድ ነገር ደግሞ እኛው ላይ ልጨምርልህ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና፣ ምዕራብ ሸዋ ተቀምጠን ስምጥ ሸለቆ ማለት የሌላ ሰው አገር ይመስለናል። ከየረር ተራራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር ግን በደጃችን ያልፋል። ወንጪም ደንዲም በዚያ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በወንጪ ሐይቅ ላይ ተቀዝፎ ቂርቆስን ለመሳለም የሚሻገር ሰው የሚሻገረው የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የአምቦ ምንጭም ፋብሪካው ሳይተከል በፊት ይፍለቀለቅ ነበር፤ ጋዙን ከምድር ሆድ ይዞት ይወጣል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ታሽጎ ተሸጠልን፤ እኛም ጠጥተን ገሣን እንጂ ከየት መጣ አላልንም።

ይህን ስታወራ ግን አደራህን። ስንጥቅ አለ ማለት ነገ ይከፈታል ማለት አይደለም። ከፈንታሌ እሳተ ገሞራና ከአፋር ጋር ሲተያይ የእኛ መስመር ጸጥ ያለ ነው። አንዳንድ ወጣት ምሁር እንዲደመጥ ብሎ ያስፈራራል፤ ሰው ሲደነግጥለት አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ይደመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። መስከረም 26 ቀን 2017 ምሽት አዲስ አበባ ስትወዛወዝ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በደረጃ ተጋፍቶ ወረደ። መጠኑ 4.9 ነበር፤ መነሻውም ፈንታሌ አካባቢ። ከዚያ ወራት ሙሉ አላባራም። በታኅሣሥ መጨረሻ ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈናጠር ታየ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለሌሊቱ 10 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ጉዳይ 5.7 መታ፤ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 ደረሰ። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። በዚያው አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ ይናድ ይሆን የሚለው ሥጋት ብዙዎችን እንቅልፍ ነሣ። በዚያ ሰሞን ለእኔም ሰዓት የተቆረጠለት መልእክት በስልክ ደርሶኛል፤ ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል የሚል። የላከችልኝን ዘመዳችንን አልፈርድባትም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የፈራም ሰው ሰዓት የሚነግረውን ያምናል። በዚያች ሌሊት አዋቂው «አላውቅም» ሲል ሐሰተኛው «በዘጠኝ ሰዓት» ይላል፤ ገበያው ወደ ሐሰተኛው ይሄዳል።

ስለዚህ ደጋግመህ መንገር ያለብህ ይህ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር በዓለም ላይ የለም። ጃፓንም አሜሪካም መሣሪያው ሞልቶ ሳለ የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ በምትባል ቦታ፣ ታሪኳ በየሃያ ሁለት ዓመቱ ገደማ ትናወጣለች ስለሚል፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 በፊት መምጣቱ አይቀርም ተብሎ መሣሪያ ተደርድሮ ተጠበቀ። የመጣው በ2004 ነው። ስለ ቦታው ልክ ነበሩ፤ ስለ መጠኑም ብዙ አልራቁም፤ ስለ ቀኑ ግን በዐሥር ዓመት በላይ ሳቱ።

እኛም ዘንድ የሆነውን ተመልከት። ሁሉም ዓይኑን ፈንታሌና ዶፈን ላይ ተክሎ ሳለ እዚያ ላቫ አልወጣም። ያን ያህል ያልታሰበበት ሃይሊ ጉቢ፣ ከኤርታ ኣሌ ደቡብ ምሥራቅ ያለው፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ፈነዳ። ከዚያ በፊት ሲፈነዳ የተመዘገበበት ዘመን የለም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ዖማን አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ በረራ አስቀረ፤ አፍዴራ ላይ የከብቱን ግጦሽ አለበሰ። ይህን የሰማ ያ ጥግ ያለው ሰውዬ «አየህ፣ ምንም አያውቁም» ይልሃል።

አትናደድበት። «ጥሩ ብለሃል» በለውና እንዲህ ብለህ መልስለት። ፈንታሌ ሥር ቅልጥ ዓለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን በራዳርና በመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ አወቁ፤ ሊወጣም ሊቀርም ይችላል አሉ፤ ቀረ። ይህ መሳሳት አይደለም። ሃይሊ ጉቢም ቢሆን የተነሣው ከእሳተ ገሞራ ሠፈር እንጂ ከጎጃም ሜዳ አይደለም። አዋቂዎቹ ቀኑን ባይነግሩህም ሠፈሩን ነግረውሃል። የት እንደሚነሣ፣ በስንት ዘመን ገደማ እንደሚመላለስ፣ እስከ ምን ሊበረታ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ይህን ያወቁት ደግሞ መዝገብ አገላብጠው ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቁመው፣ የምድር መግነጢስ ወገብ በአቅራቢያው ስለሚያልፍ ቦታውን ለዚያ ጥናት ሲጠቀሙበት፣ መንቀጥቀጡንም መመዝገብ ጀመሩ። ከዚያ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የመንገደኞችን ማስታወሻ ለቅመው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ከሐይቆቹ አካባቢ ተነሥቶ የምኒልክን አዲስ አበባ ያናወጠው፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴን ያፈራረሰው፣ በ1961 ሰርዶን ያወደመው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ሰው ይረሳል፤ መዝገብ አይረሳም። ያ ሰውዬ «በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ሲልህ አባቱ የማጀቴን ወሬ ሰምቶ እንደሆነ ጠይቀው።

ስለሚጠራጠሩት ሰዎች ደግሞ ሌላ ልበልህ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ተጠራጣሪን ጠላት አታድርገው፤ አንዳንዴ ከሚያጨበጭብልህ ሰው ይልቅ ይጠቅምሃል። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ማይ ማሂዩ አጠገብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ትልቅ ጉድጓድ ተከፍቶ አውራ መንገዱን ቆረጠው። በአንድ ሳምንት ውስጥ «አፍሪካ እየተከፈለች ነው» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ያ ለቅሶ ቤት ላይ ያሳዩህ ሥዕል ከዚያ ዘር ነው። ብዙ የሥነ ምድር ሰዎች ግን ቦታውን ተመልክተው፣ ልል የእሳተ ገሞራ አመድ አፈርን ጎርፍ ከሥር ቦርቡሮ ያወጣው ነው አሉ፤ ምናልባት የቆየ ስንጥቅ ተከትሎ። ስምጥ ሸለቆው እውነት ነው፣ ጉድጓዱ ግን ምስክሩ አይደለም። ለእውነት ደካማ ምስክር አትጥራ፤ ምስክሩ ሲወድቅ ሰው እውነቱንም ይጥለዋል።

የተጠራጣሪን ነገር ካነሣን አልፍሬድ ቬገነርን አስታውስ። ጀርመናዊ ነው፤ ሙያው የአየር ጠባይ እንጂ ሥነ ምድር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 ተነሥቶ አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ አለ። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ሲገጥም፣ ከሁለቱም አንድ ዓይነት የጥንት እንስሳና ዕፀ ቅሪት ሲገኝ፣ የዓለቱ መስመር ከባሕሩ ወዲያ ሲቀጥል አሳየ። «ምን ኃይል ነው የሚገፋቸው?» ሲሉት ግን የሰጠው መልስ አላዋጣም፤ የፊዚክስ ሰዎች አስልተው በጣም ደካማ ነው አሉት፤ በዚህ ትክክል ነበሩ። ግሪንላንድ በዓመት በሜትሮች ይርቃል ያለውም ግምት ስሕተት ነበር። በ1930 ያችኑ ግሪንላንድ ሊያጠና ሄዶ በረዶ ላይ ሞተ። ሐሳቡ የተረጋገጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የባሕር ወለል መግነጢስና የመንቀጥቀጥ ካርታ ሲነበብ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ግን ዝም ብሎ አልጠራም፣ መርከብ ወጥቶ፣ መሣሪያ ተጎትቶ፣ ብዙ ሰው ለክቶ ነው የጠራው። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም። «ቬገነርንም ንቀውት ነበር» እያለ ማንም ያልለካውን የሚሸጥልህ ሰው ሲመጣ ይህን ንገረው፤ ቬገነር የተከበረው ስለተናቀ ሳይሆን ሌሎች ሲለኩ ስለተገኘለት ነው።

ከሁሉ የማስጠነቅቅህ ግን በማስፈራራት ስለሚሳሳቱት አይደለም፤ በማረጋጋት ስለሚሳሳቱት ነው። ጣልያን አገር ላኲላ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ሲበዛ ሕዝቡ ተሸበረ፤ አንድ ሰውም ከምድር የሚወጣ ጋዝ እየለካ ቀን ይናገር ነበር። መንግሥት ሊቃውንቱን መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰብስቦ አማከረ። ሊቃውንቱ ትልቅ መንቀጥቀጥ አይመጣም አላሉም፤ አንድ ባለሥልጣን ግን ለጋዜጠኛ ነገሩ አያሰጋም፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጡ የሚል ንግግር ተናገረ። በሳምንቱ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 6 ሌሊት፣ 6.3 መጣና ከ300 ሰው በላይ ሞተ። በትንንሹ ጊዜ ደጅ ያድሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ያን ሌሊት ቤታቸው ተኝተው ነበር። በ2012 ባለሥልጣኑና ስድስት ሊቃውንት ተፈረደባቸው፤ ሊቃውንቱ በ2014 በይግባኝ ነፃ ወጡ፣ የእሱ ግን ተቀንሶ ጸና። ዓለም «ሳይንቲስት መተንበይ ስላልቻለ ታሰረ» ብሎ ጮኸ። እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲያ አልነበረም፤ የተከሰሱት ባለማወቃቸው ሳይሆን ያልታወቀውን እንደታወቀ አድርጎ ሕዝቡን በማስተኛት ነው።

ስለዚህ እናትህ እንኳ ስታለቅስብህ «አይመጣም» አትበላት። ሽማግሌ ሆኜ ሰው ማጽናናት ሥራዬ ነው፤ ለማጽናናት ስትል ግን የማታውቀውን አትስጥ። «ቀኑን ማንም አያውቅም፤ አዲስ ዓለም ከፈንታሌ ትርቃለች፤ ቢመጣ ይህን ይህን አድርጊ» በላት። ሰው የሚረጋጋው የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ነው። ሌላም አለ፤ ቤተ ክርስቲያን «እግዚኦ» ብሎ ለሚጸልይ ሰው የንጣፍ ትምህርት ይዘህ አትሂድበት። እሱ የለመነው ምሕረት ነው፤ ስለ አምስቱ ሚሊ ሜትር አልተከራከረህም። ካህናቱን ከጎንህ ብታቆም ይሻልሃል፤ አውደ ምሕረቱ ላይ የሚነገረውን ሕዝቡ ከስልኩ ይልቅ ያምናል።

ከዚያ ወደ ቤት ሥራው ግባ። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ለአገራችን የመንቀጥቀጥ የሕንፃ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፤ በ2015 ደግሞ ተሻሽሏል። ደንቡ ቀን አይጠይቅም፤ ነገ ቢመጣም ከሰባ ዓመት በኋላ ቢመጣም ያው ብረት ነው የሚያስፈልገው። እኛ ዘንድ ግን የሚሆነውን ታያለህ። የድሮው የጭቃ ቤት ማገሩና ቋሚው ካልበሰበሰ ይወዛወዛል እንጂ ባንድ ጊዜ አይናድም። ዛሬ ገንዘብ ያገኘው ሁሉ ብሎኬት ይደረድራል፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስረው ቢም ይቀራል፤ ኮለኑ ላይ ስታፋው ይራራቃል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ይተዋል። ኮለኑ ሲናወጥ ስታፋው ይከፈታል፣ ፌሮው ይጎብጣል፣ ፎቁ ይቀመጣል። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለው ግድግዳ የማይሰጡት ፎቅም ሌላው አደጋ ነው፤ ከላይ ይከብዳል፣ ከሥር እግሩ ቀጭን ነው። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊቅ «አላውቅም» የማይልበት። ሰው ስለማይታወቀው ቀን ሲከራከር በሚታወቀው ብረት ላይ ይቆጥባል።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ስብሰባ አለ። ሊቀ መንበሩን አነጋግሬዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶሃል፤ የሠፈሩን ግንበኞችም እንዲመጡ ጠርቻለሁ። የአፍሪካን ካርታ ተወውና አንድ ኮለን የሚያህል ፌሮ ከነስታፋው አስረህ አምጣ፤ ጫፉ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ሲያዩት ይሻላል። ሲናወጥ በደረጃ እንዳይሮጡ፣ ካልታሰረ ግድግዳ ሥር እንዳይቆሙ ለሴቶቹም ለልጆቹም ንገራቸው። አንዱ ተነሥቶ «መቼ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ያልኩህን መልስለትና ወደ ብረቱ ተመለስ። ከዚያ ስለ ዋጋ ይጠይቁሃል፤ ለአንድ ክፍል ቤት ስንት ኪሎ እንደሚጨምር፣ የሰሞኑ የፌሮ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቀህና አስልተህ ና።